ከሁዳዴ በኋላ የሚሰማ ዜማ፦ የፋሲካ መልእክት ለሙዚቃ ወዳጆቼ

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ በሀገር ቤትም በባሕር ማዶም የምትገኙ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ በዓለ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ደውላችሁ መልካም ምኞታችሁን የማትነፍጉኝ ሙስሊም ወዳጆቼም ይህ መልእክት የእናንተም ነው። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሌላ ጊዜ በበዓል ዋዜማ አጭር ቃል ልኬ አልፍ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ስለምንወደው ስለ ሙዚቃ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ አሰብሁ። ከበዓሎቻችን ሁሉ እንደ ፋሲካ ዜማን አስጠብቆ የሚሰጥ በዓል አላውቅም፤ በዚህ ዘመን ከአድማጭነታችን የጎደለውም ይኸው መጠበቅ ይመስለኛል።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት በጎጃም ገጠርም ሆነ ከተማ ሰርግ አይደገስም፤ ባለ ማሲንቆው ማሲንቆውን ሰቅሎ ይከርማል፤ ዘፈን ካልሰማ የማያድር ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ብዙዎችም እስከ ፋሲካ ጨርሰው ይተዉታል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ለውጥ ከዚህም ይልቃል። ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ ሊቃውንቱ የጾሙን ወቅት ዜማ የያዘውን ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ያደርሳሉ። በዚህ ወቅት ቆሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሰማ ሰው፣ መሣሪያው ቢቀርም ዜማው ምንም እንደማይጎድለው፣ እንዲያውም የሰው ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ይረዳል። በየቤቱ ደግሞ ወቅቱ የበገና ነው። በበገና አሥር አውታሮች ሥር፣ ከድጋፉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ቁራጭ ጠፍር ይገባል፤ ያ የሚንዘረዘርና ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። የመምህር ዓለሙ አጋ በገና፣ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ለውጭው ዓለም ደርሷል፤ እኔ ግን በሰሙነ ሕማማት፣ ከስግደት መልስ፣ መብራት አጥፍቼ ስሰማው የሚሰጠኝን ስሜት ሌላ ጊዜ አላገኘውም።

ከዚያ የትንሣኤ ሌሊት ይመጣል። ለሳምንታት ተቀምጦ የከረመው ከበሮ በዚያ ሌሊት ሲመታ መጀመሪያ የሚሰማው እግር ነው፤ የቆምህበት ወለል ይነግርሃል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዓዞ ለአዳም» ይባላል፤ «ሰላም» ሲል «እምይእዜሰ» ይከተላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ «ፍሥሐ ወሰላም» ላይ ይደርሳሉ። ዘፈንን ከቅዳሴ ጋር ለማመሳሰል አልፈልግም፤ ቦታቸው ለየቅል ነው፤ በጎጃም ምድር አድጎ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን አንድ ድምፅ የሚያነሣውን ብዙ ድምፅ እንዲቀበለው ጆሯችንን ያሠለጠነው ይህ ሌሊት እንደሆነ አምናለሁ፤ ስለ ኮንሰርት ስጽፍ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ድምፃውያንም የጾሙን ትርጉም በሚገባ ያውቁታል። አዲስ አልበም ለፋሲካ ማድረስ የቆየ ልማድ ነው፤ የአድማጩ ጆሮ ከርሟል፣ የሰርጉ ወቅት ሊከፈት ነው፣ ከተማ የሚኖረውም ወደ ቤተሰቡ ይገባል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የወጣው ለ2004 ፋሲካ ነበር። ያኔ በደብረ ማርቆስ የበግ ገበያው ግርግርና ከየሙዚቃ ቤቱ በራፍ የሚወጣው ድምፅ አንድ ላይ ሆኖ፣ ሰው በአንድ እጁ ዶሮ አንጠልጥሎ በሌላው ሲዲ ሲገዛ አይቻለሁ። ከሲዲው በፊት በነበረው የካሴት ዘመን ነገሩ ከዚህም የጠነከረ ነበር። ካሴት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሽፋኑን አውጥቶ ማንበብ ነበር፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ከዚያም ምስጋና። የይልማ ገብረአብንና የአበበ መለሠን ስም የተማርነው ከዚያች በጥቃቅን ፊደል ከታተመች ወረቀት ነው። አንድን ዘፈን የወደደ ሰው ግጥሙን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ያው ሰው ለሌላ ድምፃዊ ምን እንደሰጠ ያውቅ ነበር። ዛሬ በስልካችን ላይ ዘፈኑ ከነድምፃዊው ስም ብቻ ይመጣል፤ ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲና አቀናባሪው ከዓይናችን ርቀዋል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ዘፈን መቼም የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም።

አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሰማ ብቻ አልበም ይሆናል። ከውስጡ አንድ ዘፈን መርጦ ሌላውን መተው፣ ከፋሲካው ዶሮ ወጥ እንቁላሉን ብቻ አንሥቶ ከማዕድ እንደ መነሣት ነው። ለዚህ ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ የራሳችን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ሥራ ነው። ጂጂ የተወለደችው በጎጃም፣ በቻግኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣውን አልበም ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን፣ ከጃዙ ዓለም ታላላቆች ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። እነዚህ ስሞች ለብዙው የሀገሬ አድማጭ እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን በሙያቸው የዘመናቸው አውራ የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከጀርባ ሲቆሙ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ድምፅዋን ወደ እነሱ ታጥፋለች ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ እነሱ ወደ እሷ መጡ።

«ዓባይ» የተሰኘውን ዘፈን ወንዙን የማያውቅ ሰው ሲሰማው ውብ ዜማ ይሆንለታል። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ጀምሮ ወንዙን የሚያውቅ የጎጃም ሰው ሲሰማው ግን የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ውበቱን እያወደሰች ስትሄድ ውዳሴው ሳይቋረጥ ጥያቄ ይገባበታል፣ ጥያቄውም እንደገና ውዳሴ ይሆናል። በዚሁ አልበም ውስጥ «ባለ ዋሽንቱ» አለ፤ «ካህን» አለ፤ «አድዋ» አለ። እረኛው፣ ካህኑ፣ ወንዙና ታሪኩ በአንድ አልበም ተሰብስበዋል፤ ይህን ሳስብ የማየው የአንድ የጎጃም መንደርን ሙሉ ሕይወት ነው። አንዱን ብቻ ነጥሎ ያዳመጠ ሰው መንደሩን አላየም። በድምፅዋ ላይ የማደንቀው ደግሞ ማብቂያው ነው፤ ስንኙን ስትጨርስ ድምፁን ቆርጣ አትተወውም፣ እንደ ድጓ ተማሪ ወደ ታች እያወረደች፣ እያንቀጠቀጠች ታሳርፈዋለች። ይህን ከየትኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይልቅ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተማራት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለወጣው አልበሟ የመረጠችው ስም «ሰምና ወርቅ» ነበር፤ ዋሸራን በመሰለ የቅኔ ቤት የሚታወቅ ሀገር ልጅ ሌላ ምን ስም ትመርጣለች? እዚህ አካባቢ ሰው ዘፈን ሰምቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ነው፤ ዜማው ጥሩ ሆኖ ግጥሙ ባዶ ከሆነ ሽማግሌዎቻችን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም በዚህ ከእነሱ ወገን ነኝ።

ስለ ኮንሰርት ደግሞ ትንሽ ልጻፍ። በጥር 2010፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ቴዲ አፍሮ በባሕር ዳር ስታዲየም ሲጫወት ከወዳጆቼ ጋር ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ሄደን ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ባለፍንበት ከተማ ሁሉ ያው ዘፈን ይሰማ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2009፣ የወጣው «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ከሰንጠረዡ ይልቅ ልብ የነካው «ማር እስከ ጧፍ» ነው፤ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የተመሠረተ፣ የጎጃምን ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የሚያነሣ ዘፈን። ያንን መጽሐፍ እዚህ ብዙ ሰው ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ ትረካውን ያደመጡ ወላጆችና ዘፈኑን የያዙ ልጆቻቸው ስለ አንድ ታሪክ በአንድ ቤት ሲጨዋወቱ ከማየት የሚበልጥ ደስታ ለአንድ ሙዚቃ ወዳድ የለም።

በስታዲየሙ ውስጥ ከሁሉ የማስታውሰው የመሣሪያውን ጩኸት አይደለም። መድረኩ ገና ባዶ ሳለ፣ ከአንድ ጥግ የተነሣ ድምፅ ወደ ሌላው ጥግ እየተሻገረ፣ የማይተዋወቅ ሰው እየተቀባበለ ያዜም ነበር። አጠገቤ የነበሩ ጋቢ የለበሱ አባት የግጥሙን ግማሽ ብቻ ያውቁ ነበርና የማያውቁት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው የጎረምሶቹን አፍ ይመለከታሉ፣ የሚያውቁት ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አንዱ ጎረምሳ ይህን አይቶ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቃላቱን ቀድሞ ይነግራቸው ጀመር። በአልበም ላይ ይህ የለም፤ በቴሌቪዥንም አይገኝም። ኮንሰርት ስሄድ የምፈልገው ይኸንኑ ነው፤ ዘፈኑን እንደ ሲዲው አስመስሎ የሚዘፍን ድምፃዊ ሳይሆን ሕዝቡን የሚሰማ ድምፃዊ። ስለዚህም ከመድረክ ላይ ከንፈር ብቻ እያንቀሳቀሱ በተቀዳ ድምፅ የሚጫወቱትን ከልቤ እቃወማለሁ፤ ሰው ቆጥቦ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊት ተጉዞ የሚመጣው የሚተነፍስ ሰው ሊሰማ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ውስጥ አልፏል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሰሞን አዲስ ዘፈን ወደ እኛ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ሚሞሪ ካርድ ነበር፤ አንዱ ያመጣውን ሌላው እያስጫነ ሰፈሩን ያዳርሳል። በብዙ ቤት ፋሲካ በሐዘን አልፏል። ሐዘን ለተቀመጠ ጎረቤት ሲባል ሙዚቃ ሳይከፈት የዋለበትን የበዓል ቀን አስታውሳለሁ፤ ይህም ለሙዚቃ ያለን ክብር አካል ነው ብዬ አስባለሁ። ሐዘን ላይ ላላችሁ ወዳጆቼ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ለሀገራችንም ፍሥሐ ወሰላም ያድርግልን።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ ስሜቴ ሁለት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነው፤ በእኛ ከተማ ግን ለብዙ ዘመን ቴሌቪዥን የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ያለው ሰው በሩን ይከፍታል፤ የበዓል ዝግጅት ሲሆን ደግሞ ልጆች መሬት ላይ፣ አዋቂዎች መደብ ላይ፣ ቄጤማው ከነጠረኑ፣ ጠላውም እየተቀዳ ይታያል። ዛሬ ጣቢያው በዝቷል፤ የበዓሉን ልዩ ዝግጅት ግን ስመለከት ብዙ ጊዜ አዝናለሁ። እንግዶቹ በሚያምር የሀገር ልብስ ተቀምጠው፣ ቡናው እየተፈላ፣ ዶሮው እንዴት እንደሚሠራ ረጅም ወግ ይወጋል፤ ከዚያ ባለ ማሲንቆው ይጠራል። ጭራውን በዕጣኑ አሽቶ፣ ቅኝቱን አስተካክሎ፣ ገና ወደ ባቲው ቅኝት ሲገባ አቅራቢው እያጨበጨበ «እናመሰግናለን» ይልና ማስታወቂያ ይመጣል። ባለ ማሲንቆ እንግዳውን አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ስንኙን በዚያው የሚፈጥር ሰው ነው፤ ለዚያ ጊዜ ካልተሰጠው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በየተራቸው፣ ሳይቆረጡ የሚሰሙበት አንድ ሙሉ የበዓል ምሽት ቢዘጋጅ ብዙ ተመልካች እንደሚኖረው አልጠራጠርም።

በሌላ በኩል ባላገሩና ፋና ላምሮትን የመሰሉ የድምፅ ውድድሮች ያመጡትን በጎ ነገር እመሰክራለሁ። ከገጠር የወጣ ልጅ፣ በሙሉ ባንድ ታጅቦ፣ በሀገር ፊት ሲዘፍን ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ጭንቀቴ ከውድድሩ በኋላ ያለው ነው። ተወዳዳሪዎቹ የሚዘፍኑት በአብዛኛው የቀደሙትን ሥራ ነው፤ የራሱን ግጥምና ዜማ ይዞ አልበም እስኪያወጣ የሚደግፈው ያላገኘ ልጅ ከዓመት በኋላ ይረሳል።

ቴሌቪዥን ምን ያህል ሊያገለግለን እንደሚችል የተረዳሁት በ2001 ፋሲካ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በዚያው በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ጾሙ ተፈቶ፣ ሰው ዘፈን ሊከፍት በተዘጋጀበት ቀን የዘፈን ንጉሡ አረፈ። በሰፈራችን በዓሉ ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ ወደ ጎረቤት እየገባ ይጠይቅ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪፈጸም ድረስ በስክሪኑ የታዩት የድሮ ምስሎች ወጣትነቱን አላየን ለነበርን ሰዎች አዲስ ነበሩ። በመዝገብ ቤቱ የተቀመጠው ሀብት ሰው ሲሞት ብቻ ለምን ይወጣል? በሕይወት ያሉትን በሕይወት ሳሉ ማመስገን እንደሚቻል ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 በሚሊኒየም አዳራሽ ያደረገው የመሰናበቻ ኮንሰርት አሳይቶናል። በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየ፣ ሕዝቡም እየተቀበለው ተሰናበተ፤ እንዲህ ያለ ስንብት ለሁሉም አንጋፋዎቻችን እመኛለሁ።

አንድ ልመና ልጨምር። በበዓል ለዶሮው፣ ለቅቤው፣ ለበጉ ያለ ቅሬታ እንከፍላለን፤ ለዘፈን መክፈል ግን ብዙዎቻችን ትተናል። በመስከረም 2012 ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ፣ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» የመሰሉ ሥራዎች የሰጠን ሰው፣ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 አውታር የተባለውን፣ ዘፈን በስልክ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛበትን መተግበሪያ ያቋቋመው ይኸው ጉዳይ አስጨንቆት ነበር። አልበም ለመሥራት ግጥም ይገዛል፣ ዜማ ይገዛል፣ አቀናባሪና ስቱዲዮ ይከፈላል፤ ይህ ሁሉ ወጥቶ በማግሥቱ በነፃ ከተባዛ ድምፃዊው ለሁለተኛው አልበም የሚነሣበት አቅም አያገኝም። እንግዲህ ዘንድሮ ለልጆቻችሁ ስጦታ ስታስቡ አንድ አልበም በሕጋዊ መንገድ ግዙላቸው፤ ስትሰጧቸውም ግጥሙን የጻፈውንና ያቀናበረውን ሰው ስም ንገሯቸው።

እኔ የፋሲካን ቀን እንዲህ ለማሳለፍ አስቤአለሁ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከቤተሰብ ጋር ከተገደፈ በኋላ፣ የጂጂን አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እከፍታለሁ፤ ማንም እንዳይዘልለው ስልኩን አርቄ አስቀምጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሲሰበሰብ የጎጃሙ ይሁኔ በላይ ይቀጥላል፤ ያኔ ማንም ተቀምጦ አይቀርም፣ ትከሻም አያርፍም። ማታ ደግሞ የጥላሁን ነው። እናንተስ? በዚህ በዓል ከዳር እስከ ዳር ያዳመጣችሁትን አልበም ስም፣ ከየትኛው ከተማና ከእነማን ጋር ሆናችሁ እንደሰማችሁት ጻፉልኝ፤ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ የምትልኩልኝን ሁሉ አንድ በአንድ ፈልጌ እሰማለሁ። መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።